የተጠማው ድንጋይ ጭነት

የወረዳው መርማሪ አሥራ አንድ ገጽ ጽፎ ሄደ። እኔ አንዱም ገጽ ላይ የለሁም። ፓስተሩን ጠይቋል፤ ፓስተሩ የዚያን ቀን ወባ ጥሎት ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር። የሱቁን ባለቤት ጠይቋል፤ እሱ ከሱቁ መስኮት ወዲያ ያለውን ዓለም አያውቀውም። መምህር ኬሙኤልን ሁለት ጊዜ ጠርቶ ጠይቆታል። እኔ ከነሱ ሦስት እርምጃ ርቄ ተቀምጬ ቅርጫት እጠግን ነበር። መርማሪው ዞር ብሎ አየኝና፣ "እማማ፣ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ፎቶው ውስጥ ገቡብኝ" አለኝ። ፈቀቅ አልኩለት። ሌላ የጠየቀኝ ነገር የለም።

እኔን መጠየቅ ነበረበት። የተቃጠለችው ጀልባ የጫነችው የእኔን ጭነት ነው።

ስሜ ሲነታና ይባላል። ሥራዬ ኖራ ማቃጠል ነው፤ እናቴም አያቴም ይህንኑ ሲሠሩ ኖረው ሞቱ። በዚህ ዳርቻ ቡዋይ የሚባለውን የዘንባባ ፍሬ የማያኝክ ሰው ፓስተሩና ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ብቻ ነው፤ ፍሬውን ሲያኝኩ አብረው የሚልሱት ነጭ ዱቄት ከእኔ እጅ ይወጣል። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከመዝሙር መጽሐፍ ላይ ነው፣ እሱንም ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ስለዚህ እኔን ሳይጠይቁ ማለፍ ለምደዋል። በሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም ለምጄዋለሁ ብዬ አልፈው ነበር።

መርማሪው የጻፈው እንዲህ ይላል። የጀልባዋ ነጂ ሌፓኒ ቤንዚን አጠገብ ሲጋራ አጨሰ፤ እሳት ተነሣ፤ ተሳፋሪዋ ኢኔዳ በዚያው ሞተች። ሐሙስ ተመልሶ ይመጣና በሕዝብ ፊት ያነበዋል፤ ሌፓኒ ይፈርምበታል፤ ከዚያ አሎታው ከተማ ወስደው ያስሩታል። ሌፓኒ የእህቴ ልጅ ነው። እኛ ዘር የምንቆጥረው በእናት ስለሆነ የእህት ልጅ ማለት የሆድ ልጅ ማለት ነው። እህቴ ስትሞት ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እናቱ እኔ ነኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ልጠይቀው ሄድኩ። ሁለት እግሩን እስከ ጉልበቱ በፋሻ ጠቅልለውት ሰሌን ላይ ተጋድሟል። እጆቹም ተልጠዋል።

"አጭሰሃል?" አልኩት ገና ሳልቀመጥ።

"ሲጋራ ኪሴ ውስጥ ነበረ፣ እማ።"

"ኪስህን አልጠየቅኩህም።"

"አላስታውስም። ሁሉም አጭሰሃል ሲሉኝ ያጨስኩ እየመሰለኝ መጣ።"

"አፉ የአንተ ነው የእነሱ?"

ወደ ግድግዳው ዞረ። "ልጅቷ ሞታለች። አንድ ሰው አጭሶ መሆን አለበት" አለ።

ይህ ልጅ ድሮም እንዲህ ነው። ሌላው የሰበረውን ገንቦ እሱ ሰበርኩ ብሎ ይገረፍ ነበር፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት።

"መጀመሪያ የወጣው ጭስ ምን ይመስላል?"

"ጭስ ጭስ ነው፣ እማ።"

"መጀመሪያ የወጣው፣ አልኩህ።"

ዓይኑን ጨፈነ። "ነጭ" አለ። "እንደ ድስት እንፋሎት። ሞተሩ የጋለ መስሎኝ ወደ ሞተሩ ዞርኩ። ከሥሬ የሆነ ነገር ይንጣጣ ነበር። ከዚያ እግሬን ያዘኝ።"

"ሲጋራ ይንጣጣል?"

መልስ ጠብቄ አልጠየቅኩትም፤ ነጩን ጭስ ከዳርቻው ቆሜ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሕዝቡ የሮጠው ጥቁሩን ሲያይ ነው። ከጥቁሩ በፊት የነበረውን ነጩን ከዳርቻው ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ምን እንደሆነም ያን ጊዜውኑ አውቄዋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ኖራ ባሕር ውስጥ የሚበቅል ድንጋይ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ወርደን ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን እንሰብራለን፤ ጨረቃ ሞልታ እስክትጎድል ፀሐይ ላይ እናደርቀዋለን። ከዚያ ጨው ውሃ ዳር የሚበቅለውን የማንግሮቭ ዛፍ ግንድ አግድምና ወርድ እየደረደርን እንከምርና ድንጋዩን ከላይ እንጭነዋለን። አንድ ክምር አይበቃም። ሦስት ክምር እንጨት ተቃጥሎ ነው አንድ ክምር ድንጋይ የሚበስለው። ድንጋዩ እሳት ይበላል። ታዩታላችሁ፤ እንጨቱ ይነዳል ይነዳል፣ ሙቀቱ ወደ እናንተ መምጣት ሲገባው ወደ ድንጋዩ ይገባል። እሳቱን በልቶ በልቶ ውስጡ ተይዞ የነበረውን ትንፋሽ ይለቃል፣ ይነጣል፣ ይቀላል። ከባሕር በሁለት እጅ ያወጣችሁትን በአንድ እጅ ታነሡታላችሁ። ያን ጊዜ የተጠማ ድንጋይ እንለዋለን።

የተጠማ ድንጋይ ውሃ የሚጠጣው እዚያው በተቃጠለበት አሸዋ ላይ ነው። ጉድጓድ እናበጃለን፣ እርጥብ ቅጠል እናነጥፋለን፣ ድንጋዩን እናፈስና በኮኮናት ቅል ውሃ እንረጫለን። ያቃጠለችው ሴት ከነጋ ጀምሮ ጠብታ አትቀምስም፤ መጀመሪያ ድንጋዩ ይጠጣል፣ ቀጥላ እሷ። ድንጋዩ ሲጠጣ የበላውን እሳት ይመልሰዋል። ፍም የለበት፣ ነበልባል የለበት፣ ይፈላል፣ ይንጣጣል፣ ይፈራርሳል። ሙዝ ብትቀብሩበት ይበስላል። ሲበርድ ዱቄት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉት፤ ጀልባ ጫኑት፣ ዝናብ ይምታው፣ ተኙበት። የጠጣ ድንጋይ ማንንም አይነካም።

እናቴ የተጠማውን ድንጋይ ባሕር እንዳናሻግር ትከለክለን ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ በሰባት ዓመቴ አንዱን ጉማጅ በረጠበ መዳፌ ጨብጬ ስለነበር መልሱ እጄ ላይ ነበረ።

ኬሙኤል ወደኛ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። ከሌላ ደሴት ነው የመጣው። ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ሽማግሌ ሲያይ ይነሣል፣ እኛ አሮጊቶችን በእኛ አገር ደንብ "ቡቡ" እያለ ይጠራናል። ክፉ ሰው አይደለም። ማዶ ከከተማው አጠገብ ያለ የሚስዮን ትምህርት ቤት ግንብ ሊያስገነባ ስምንት ቅርጫት ኖራ ሲያዝ ትእዛዙ የመጣው በሱ በኩል ነው። እኔ ሳቃጥል፣ ሳጠጣ፣ የትምህርት ቤቱን ሚዛን ተሸክሞ መጣ። ከተቃጠለው አንዱን ቅርጫት ሳይጠጣ መዘነ። ያንኑ አጠጥቼ ደግሞ መዘነ።

"ቡቡ፣ ሦስት የነበረው አራት ሆነ" አለ።

"ይሆናል። ጠጥቷላ።"

"አራተኛው እኮ ውሃ ነው። ለትምህርት ቤቱ ውሃ እየጨመርን ነው የምንሸጠው ማለት ነው።"

ይህን ያለው በሴቶቹ ሁሉ ፊት ነው። ጌሉሳ እዚያው ነበረች። ጌሉሳ ልጅ ሳለን አብራኝ ድንጋይ ትሰብር የነበረች፣ ቤቷ ከቤቴ በሁለት ዛፍ የሚለይ ጎረቤቴ ናት። "ታዲያ እኛ ስልሳ ዓመት ሙሉ የሲነታናን ውሃ ስንልስ ኖረናል በሉኛ" አለችና ሳቀች። ሁሉም ሳቁ።

ከጠጣው ዱቄት አንድ ጭብጥ ዘግኜ ኬሙኤል መዳፍ ላይ ደፋሁት። "ጭመቀው። ውሃዬን አውጣልኝ" አልኩት።

ጨመቀ። ከጣቶቹ መሐል ደረቅ አቧራ በነነ።

"ገብቶ ተያይዟል። ከዚህ በኋላ ውሃ አይባልም። ሲያያዙ ነው እሳቱ የወጣው፣ አላየህም?"

ፈገግ አለ። መምህራን ልጅ ሲሳሳት የሚያሳዩትን ፈገግታ አሳየኝ። "ቡቡ፣ እሳት የሚወጣው ነገር ሲሰበር ነው። እንጨት ሲነድ ይሰበራል፣ ውስጡ የነበረው ሙቀት ይወጣል። ይሄ ድንጋይ ግን ተቃጥሎ አልቋል። አመድ ነው። አመድ ምን እሳት ይኖረዋል? የሚሞቀው ውስጡ ተዳፍኖ ያደረ ፍም ስላለ ነው።"

"እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ስሰብር ኖሬያለሁ" አልኩት። "መስበር አንድ ቀን አሙቆኝ አያውቅም። ያን ባዶ ሜዳ ታየዋለህ? ማንግሮቭ ነበር። መስበር ነው የበላው። መስበር ይበላል፣ መያያዝ ይሰጣል።"

"እሺ፣ ቡቡ" አለ። እሺ የሚለው ቃል እንዲህ ሰው ሊያዋርድ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ቀጥሎ ወደ ሌፓኒ ዞረ። "የቀረው ሰባቱ ቅርጫት ሳይጠጣ ይሂድ፤ በጠጣው ቅርጫት ፋንታም ሌላ ያልጠጣ ይተካ። ውሃውን እዚያው ይጨምሩበት። ለጀልባዋም ይቀላታል።"

ሌፓኒ እኔን አየኝ። "የተጠማ አናሻግርም እኮ፣ መምህር። ልማዳችን ነው።"

"ልማድማ ነው" አለ ኬሙኤል።

ሌፓኒ አሁንም እኔን እያየ ቆመ። አንድ ቃል እየጠበቀ ነበር። እኔም ሰጠሁት። "ይውሰደው" አልኩ።

ጀልባዋ የተጫነችው በማግስቱ ጠዋት ነው። ኖራ ሁልጊዜ የሚጫነው ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ነው፤ የኮኮናት ቃጫ ይነጠፋል፣ ቅርጫቶቹ በደረቅ ቅጠል ተሸፍነው ይደረደራሉ፣ ላያቸው ላይ ሰሌን ይዘረጋል፣ ቤንዚኑ አጠገባቸው ይቀመጣል። ጀልባ ሆዷ ውስጥ ውሃ አያጣትም። የጠጣ ኖራ ግን ውሃ ቢያገኘው ባያገኘው ግድ የለውም፤ ስለዚህ አባቶቻችንም እንደዚሁ ይጭኑ ነበር። ሌፓኒና ጓደኞቹም የተጠማውን እንደዚሁ ጫኑት። ማንም ቆም ብሎ አላሰበም። የለመደ እጅ ቦታውን ራሱ ያገኘዋል።

እኔ ዳርቻው ላይ ቆሜ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን እስከ ሐሙስ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም። አየሁ። እያንዳንዷ ቅርጫት ስትገባ አየሁ። "ከላይ አድርጉት፣ በሸራ ሸፍኑት" ብል ይበቃ ነበር። አፌን ዘጋሁ። ውሃ ሻጭ ተብያለሁ። በልቤ እንዲህ አልኩ፤ ትንሽ ውሃ ይገባል፣ አንድ ሁለት ቅርጫት ይግላል፣ እጃቸውን ይፈጃቸዋል፣ ሁለቱን ባሕር ወርውረው መዳፋቸው ተልጦ ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ ኬሙኤል ሚዛኑን ተሸክሞ ቤቴ ድረስ ይመጣል። የፈለግኩት ይህን ነበር። ሰው እንዲሞት አልፈለግኩም። እጃቸው እንዲቃጠል ግን ፈልጌያለሁ።

ሊነሡ ሲሉ ኢኔዳ እየሮጠች መጣች። የጌሉሳ ልጅ ናት። ጉንጯ አብጦ ነበር፤ ጥርሷን ልታስነቅል ከተማ መሄዷ ነው። እንደምትሳፈር ማንም አላወቀም። ዘልላ ገባችና ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች፣ ቅርጫቶቹ ላይ።

"ቡቡ፣ ከከተማ ምን ላምጣልሽ?" አለችኝ ጉንጯን በእጇ ይዛ።

ያን ጊዜ እንኳ አልተናገርኩም። "መርፌ" አልኳት። "የወፍራሙን።"

መሬቱ ወደ ባሕር ከሚሾልበት ጫፍ ወዲያ፣ ማዕበሉ ከሚጀምርበት ላይ፣ ነጩ ጭስ ተነሣ። ሌፓኒ በተቃጠለ እጁ ከውሃ ውስጥ አወጣት፤ ቤንዚኑ ግን ውሃው ላይም ይነድ ነበር። ከቀትር አላለፈችም።

ሰኞ ዕለት የደረቀ ድንጋይ ቆጥቤ ስለነበር እንጨት መከመር ጀመርኩ። ጉልበቴ ድሮ ቀርቷል፤ አንዱን ግንድ ለማጋደም ሁለት ጊዜ እቀመጣለሁ። ኬሙኤል ከትምህርት ቤት ሲመለስ አየኝ።

"ቡቡ፣ ሐዘን ላይ ነን እኮ። ሰው ምን ይላል?"

"ያን ጫፍ ያዝልኝ" አልኩት።

ያዘልኝ። ሸሚዙን አልሰበሰበም፤ እጅጌው ጠቆረ። ሦስት ግንድ አብረን ካጋደምን በኋላ፣ "ጭሱ መጀመሪያ ነጭ ነበር የሚሉት እውነት ነው?" አለኝ።

"ማን ነው የሚለው?"

"ሌፓኒን ጠይቄው ነበር።"

እሱ መሬት ላይ ተቀመጠ። "መጽሐፍ አየሁ" አለ። "ትምህርት ቤቱ ሳጥን ውስጥ የነበረ ነው። እርስዎ ያሉትን ነው የሚለው። ተያይዞ የነበረን ነገር ለማለያየት ጉልበት ይገባበታል፤ አዲስ ሲያያዝ ጉልበት ይወጣል። የገባው ከወጣው ከበለጠ ነገሩ እሳት ይበላል፣ የወጣው ከበለጠ እሳት ይሰጣል። እንጨትም ቢሆን ሙቀት የሚሰጠው ስለተሰበረ አይደለም። ተሰብሮ ከአየሩ ጋር እንደገና ሲያያዝ ነው። እኔ ለአራት ዓመት ለልጆቹ የተገላቢጦሹን ነው የነገርኳቸው።"

"መጽሐፉ መቼ ነው የመጣው?"

"ከኔ በፊት ነበረ። አልከፈትኩትም።"

ታጽናናኛለች ብሎ ጠብቆ እንደሁ አላውቅም። አላጽናናሁትም። "እንግዲያው ሐሙስ ተናገር" አልኩት።

"ይሄን ከተናገርኩ ከሥራ ያባርሩኛል።"

"ካልተናገርክ ሌፓኒ ወህኒ ይገባል።"

"እናገራለሁ" አለ። ቀጥሎ ቀና ብሎ፣ "ያኔ ጠዋት ሲጭኑ እርስዎ ዳርቻው ላይ ነበሩ አይደል?" አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያው ነገሩን ሊያስታውስ ፈልጎ ነው።

"እንጨቱን አቀብለኝ" አልኩት።

ማክሰኞ አቃጠልኩ። የተጠማውን ድንጋይ ገንቦ ውስጥ ከትቼ አፉን በሰም ደፈንኩት፣ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ እንዳይጠጣብኝ። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ገንቦውን እያየሁ ዋልኩ። አንድ ነገር ገብቶኛል። ድንጋዩን ካሳየሁ ሌፓኒ ነፃ ይወጣል። ኬሙኤል አዝዣለሁ ካለ ጥፋቱ በሱ ይዘጋል። የኔን አፍ ማንም አይጠይቅም፤ አይጠይቁኝም ብዬ ስከፋ የኖርኩበት ነገር አሁን መሸሸጊያ ሆኖ ቀረበልኝ። አማረኝ። አልዋሽም፣ በጣም አማረኝ።

ሐሙስ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ሌፓኒን በበር ሳንቃ ተሸክመው አመጡት። ጌሉሳ በሐዘን ደንብ ፊቷን ከሰል ተቀብታ ከወንድሟ ጋር ከፊት ተቀምጣለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ልቅሶው ቤት ሄጄ ከኋላ ተቀምጫለሁ፣ ጎደሬ ልጫለሁ፣ ውሃ ቀድቻለሁ፤ ዓይን ለዓይን ግን አልተያየንም። መርማሪው ወረቀቱን ዘረጋ። እኔ ገንቦዬንና ቅርጫቴን ይዤ መሐል ገባሁ።

"እማማ፣ ምስክሮች ዝርዝር ውስጥ የሉም" አለኝ ወረቀቱን አገላብጦ።

"አውቃለሁ። ስለዚህ እኔን ይተዉኝና ቅርጫቱን ይመዝግቡት።"

ሰዉ ጉርምርም አለ። መርማሪው ፓስተሩን አየ፣ ፓስተሩ ትከሻውን ነቀነቀ። ማንም ሳይፈቅድልኝ ጀመርኩ። የገንቦውን ሰም ሰብሬ የተጠማውን ድንጋይ ቅርጫቱ ውስጥ ገለበጥኩ፤ ቃጫ አነጠፍኩ። ቅርጫቱን አስቀመጥኩ፣ በደረቅ ቅጠል ሸፈንኩት፣ ሰሌን ጣል አደረግኩበት። ልክ እንደ ጀልባዋ። የባሕር ውሃ በቅል ቀድቼ ሁለት ጊዜ አፈሰስኩበት። ሄድ ብዬ ተቀመጥኩ።

ምንም የለም።

የሱቁ ባለቤት ከኋላ፣ "ቡቡ፣ ጎደሬ ጣል አድርጊበትና ምሳችንን እንብላ እንጂ" አለ። ሳቅ ተሰማ።

"ትበላለህ። ታገሥ።"

መርማሪው ሰዓቱን አየ። ላቡን ጠረገ። "እማማ፣ ሥራ አለብኝ" ሊል አፉን ሲከፍት ነው የተንጣጣው። አንድ ጊዜ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ቅርጫቱ ውስጥ ሰው ያለ ይመስል ይንኮሻኮሽ ጀመር። ከሰሌኑ ጠርዝ ነጭ እንፋሎት ወጣ።

"ይሄ ነው" አለ ሌፓኒ ከሳንቃው ላይ። "እግሬ ሥር የሰማሁት ይሄን ነው።"

መርማሪው ተነሥቶ መጣ። እጁን ሰሌኑ ላይ ሊያሳርፍ ሞከረና ወዲያው ሰበሰበው። ቅጠሉ ቡናማ ሆነ፣ ጠቆረ፣ ከሥር ቃጫው ጭስ ተፋ። ማንም ክብሪት አልጫረም። ነበልባሉ ብቅ ሲል ፊት ያሉት ሴቶች ወደ ኋላ ሸሹ፤ ጭሱም ጠቆረ።

"ይሄ ድንጋይ እንዲህ እንደሚያደርግ ማን ያውቅ ነበር?" አለ መርማሪው።

"የኖራ አቃጣይ ሁሉ ያውቃል" አልኩ።

"ሳይጠጣ እንዲጫን ያዘዘው ማን ነው?"

ኬሙኤል ተነሣ። "እኔ ነኝ" አለ። "ቡቡ ነግረውኝ ነበር። አመድ ነው አልኳቸው።" መጽሐፉን አወጣና የተጻፈውን በቀላል ቃል አስረዳ፤ ለልጆች ስላስተማረው ስሕተትም ሳይጠየቅ ተናገረ። ሲጨርስ ተቀመጠ። መርማሪው የሲጋራውን ነገር በእስክሪብቶ ሰረዘ፤ ከላዩ ሌላ ጻፈ። ሌፓኒ አይፈርምም፣ አይሄድም። ሁለት ሰዎች ሳንቃውን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ።

እዚያ ላይ ማለቅ ይችል ነበር።

"አልጨረስኩም" አልኩ።

መርማሪው ቀና አለ።

"ይጻፉ። ሲጭኑ ዳርቻው ላይ ቆሜ ነበር። ቤንዚኑ የት እንደተቀመጠ አይቻለሁ። ውሃ እንደሚገባ አውቃለሁ። ይህ መምህር አያውቅም ነበር፤ ልጄ በከፊል ያውቃል፤ እኔ ግን ሁሉንም አውቅ ነበር። አልተናገርኩም። ውሃ ሻጭ ስለተባልኩ ተናድጄ ዝም አልኩ። እጃቸውን እንዲያቃጥላቸው ፈልጌ ነበር። ልጅቷ ላዩ ላይ ስትቀመጥም አይቻታለሁ።"

"እማ" አለ ሌፓኒ።

"አንተ ተኛ።"

መርማሪው እስክሪብቶውን አነሣ። "ዝምታ በሕግ…" ብሎ ጀመረና ተወው። ጻፈ። ስሜን እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ለወረዳው አቀርበዋለሁ፣ የሚሉትን እናያለን አለ። ከዚያ ወረቀቱን ሰበሰበ።

ሰዉ ከዋርካው ሥር መበተን ጀመረ። ከአጠገቤ ሲያልፉ መሬት መሬት ያያሉ። የጌሉሳ ወንድም መጥቶ በክርኔ ያዘኝ፤ ደንቡን ሊነግረኝ ነው። ስንት አሳማ፣ የትኛው መሬት፣ ማን ሽማግሌ እንደሚላክ። የሰው ሞት እንዲህ ነው የሚታረቀው፣ እኔም ሌላ ሰው ሲሞት አብሬ ቆጥሬያለሁ። ጌሉሳ ግን ተነሥታ ነበር። ቀሚሷን አራገፈች። ፊቷ ላይ ያለው ከሰል በላብ ወርዶ አንገቷ ደርሷል። በእኔ በኩል ሳይሆን በቃጠሎው በኩል ዞራ ወደ ቤቷ መንገድ ያዘች።

ክርኔን አስለቅቄ ተከተልኳት። እግሬ አይፈጥንም፤ ቢሆንም ደረስኩባት። ከፊቷ ቆምኩ። ልታልፈኝ ወደ ጎን አለች፣ እኔም ወደ ጎን አልኩ።

"ጌሉሳ" አልኳት። "ወንድምሽን አትላኪብኝ። አሳማውም መሬቱም ይሰጣል፣ የኔ ያልሽው ሁሉ ይሰጣል፤ በሱ አልከራከርም። ግን በሽማግሌ አፍ እንዳትዘጊኝ። ነገ ጠዋት ራስሽ ቤቴ ነይ። ፊት ለፊቴ ተቀመጪና የልጅሽን ስም እየጠራሽ የምትይኝን በይኝ። ስደቢኝ፣ እርገሚኝ፣ እስኪመሽ ድረስ በይኝ። እኔ አልመልስልሽም። ዝም ብለሽኝ ግን እንዳትኖሪ። ነይ፤ ስትመጪ በሩ ክፍት ነው።"